ካፌይን በጡንቻ ላይ ያለው ሥልጣን

ቡና ነጋዴ የሆነ ሰው ፍሬውን በመዳፉ ዘርግቶ ሲያይ ብዙ ነገር ያነብበታል። የታጠበውን ካልታጠበው ይለያል፤ የሐረሩን ከጅማው፥ የዘንድሮውን ካምናው ሳይሳሳት ያውቃል። ነገር ግን በአንድ ኩንታል የዐረቢካ ቡና ውስጥ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጠው ካፌይን የሚባል ነጭና መራራ ዱቄት መሆኑን፥ ይህም ዱቄት ለብቻው ተነጥሮ ሲገኝ በሕይወት ያለውን ጡንቻ እንደ እንጨት ሊያደርቅ እንደሚችል የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነው። ማለዳ ሲኒውን ጨልጦ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው «ክንዴ በረታ» ሲል የሚናገረው እውነት ነው ወይስ የልማድ አነጋገር? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ተከትለው የተነሡት ጠበብት በመጨረሻ የደረሱት ማንም ካልጠበቀው ስፍራ፥ ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አጠገብ ነው።

ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ዘመኑም 1819 ዓ.ም. ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። ሩንገ በዬና ከተማ ሳለ አንድ መርዛም ቅጠል የድመትን የዓይን ብሌን እንዴት አድርጎ እንደሚያሰፋ ለታላቁ ባለቅኔና ሹም ለጎተ እንዲያሳይ ተጠራ፤ ድመቱንም ይዞ ሄደ። ጎተ ባየው ነገር እጅግ ተደስቶ ሲሰናበተው አንድ ሣጥን የቡና ፍሬ ሰጠውና ይህንም ደግሞ መርምር አለው። በዚያ ዘመን ቡና በጀርመን አገር እንደ ዛሬው በየቤቱ የሚገኝ ርካሽ ነገር ስላልነበረ፥ ስጦታው ከሹም እጅ የሚጠበቅ ስጦታ ነበር። ብዙም ሳይቈይ ሩንገ ዛሬ ካፌይን የሚባለውን ዱቄት አነጠረ።

ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ሐኪሞች ይህን ዱቄት በእንስሳት ላይ መሞከር ጀመሩ። ከእንቁራሪት እግር የተወሰደ ጡንቻ ብዙ ካፌይን ባለበት ውሃ ውስጥ ሲነከር፥ ማንም ሳይነካው፥ በኤሌክትሪክም ሳይመታ፥ በራሱ ተኰማትሮ ይደርቃል። ነገሩ ታየ እንጂ ምክንያቱ አልታወቀም። ጡንቻ ራሱ በምን ትእዛዝ እንደሚኰማተር ገና ባልታወቀበት ዘመን የካፌይን ሥራ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከስሕተት ነው። ሲድኒ ሪንገር የሚባለው የለንደን ሐኪም የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ ወጥታ በጨው ውሃ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ስትመታ ተመልክቶ፥ ለልብ ምት ተራ ጨው ይበቃል ብሎ በ1882 ጻፈ። ኋላ ግን ረዳቱ የጨውን ውሃ ያዘጋጅ የነበረው በተጣራ ውሃ ሳይሆን ከለንደን የቧንቧ ውሃ ቀድቶ መሆኑ ተገለጠ። የቧንቧው ውሃ ከኖራ ድንጋይ ላይ ያለፈ ስለ ነበር ካልሲየም ነበረበት። በተጣራ ውሃ በተሞከረ ጊዜ ልቢቱ ጥቂት መትታ ቀጥ አለች፤ ካልሲየም ጠብ ቢልላት እንደ ገና መምታት ጀመረች። ሪንገር በ1883 የቀድሞውን ጽሑፉን አርሞ አሳተመ። ስሕተቱን ደብቆ ቢሆን ኖሮ ኖራና አጥንት የሚሠራበት ይኸው ካልሲየም የልብ አንቀሳቃሽ መሆኑ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ይሁን እንጂ የልብ ነገር ለሌላው ጡንቻ ሁሉ የሚሠራ መሆኑን ለማስረዳት ከስድሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ወሰደ። በ1947 ሃይልብሩን የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከቪርቺንስኪ ጋር ሆኖ በእንቁራሪት የጡንቻ ክር ውስጥ ልዩ ልዩ ጨዎችን ጨመረ። ሶዲየምም፥ ፖታሲየምም፥ ማግኔዚየምም አላንቀሳቀሱትም፤ ካልሲየም በገባ ጊዜ ግን ክሩ ወዲያውኑ አጠረ። ነገሩ የተፈጸመ መስሎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን እንግሊዛዊው ሊቅ ሂል እርሳሱን አንሥቶ ሒሳብ ሠራና፥ ከክሩ ቆዳ ተነሥቶ ወደ መካከሉ የሚሰርግ ማናቸውም ነገር ጡንቻ በሚኰማተርበት ፍጥነት ሊደርስ አይችልም ብሎ ተቃወመ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። እንግዲህ ካልሲየሙ ከውጭ የሚመጣ ካልሆነ፥ በክሩ ውስጥ በያለበት አስቀድሞ የተከማቸ መሆን አለበት ማለት ነው። ጎተራው የት ነው?

ጎተራው ታይቶ የተረሳ ነገር ነበር። ኤሚልዮ ቬራቲ የሚባለው ኢጣልያዊ፥ በፓቪያ ከተማ ከስመ ጥሩው ከጎልጂ ዘንድ ሲሠራ በ1902 በጡንቻ ክር ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን መረብ አይቶ በጥንቃቄ ሥሎት ነበር። ለዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ እጅግ የረቀቀ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ሰው አላመነውም፤ ሥዕሉም ለሃምሳ ዓመት ያህል በመጽሐፍ ቤት ተቀመጠ። በ1950ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፖርተርና ፓላዴ የተባሉት ሊቃውንት ያንኑ መረብ እንደ ገና አዩት፤ ቬራቲ የሣለውም ልክ ሆኖ ተገኘ። መረቡ በእያንዳንዱ የጡንቻ ክር ዙሪያ የተጠመጠመ የከረጢት ሰንሰለት ነው።

ዛሬ የታወቀው አሠራር እንደሚከተለው ነው። የጡንቻ ክር በውስጡ ወፍራምና ቀጭን ዘንጎች አሉት፤ ጡንቻ ሲኰማተር ዘንጎቹ አያጥሩም፥ አንዱ በሌላው መካከል ይንሸራተታል እንጂ። ይህን በ1954 ሁለት ልዩ ልዩ ማኅበር በአንድ ጊዜ አስታወቁ፤ የሁለቱም ማኅበር መሪዎች ሃክስሊ የሚባሉ ነበሩ፥ ዝምድና ግን የላቸውም። ዘንጎቹ እንዳይያያዙ የሚከለክል ዘበኛ በቀጭኑ ዘንግ ላይ አለ፤ ዘበኛው ከስፍራው የሚነሣው ካልሲየም ሲነካው ብቻ መሆኑን በ1960ዎቹ ዓመታት ጃፓናዊው ኤባሺ አስረዳ። ጡንቻው ባረፈ ጊዜ በክሩ ውስጥ የሚገኘው ነጻ ካልሲየም ከውጭ ካለው ጋር ሲመዛዘን ከዐሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። የነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ የጎተራው በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየሙ ከሰከንድ ሺሕኛ እጆች ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ዐሥር እጥፍ፥ መቶ እጥፍም ይሆናል፤ ዘንጎቹም ይያያዛሉ። ትእዛዙ ሲያበቃ በጎተራው ግድግዳ ላይ ያሉት ፓምፖች ካልሲየሙን እየለቀሙ ይመልሱታል። ለመልቀሙ ሥራ የሰውነት ማገዶ ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት አካሉ የሚደርቀው ማገዶው አልቆ ካልሲየሙ ሳይለቀም፥ ዘንጎቹም ሳይላቀቁ ስለሚቀሩ ነው።

ካፌይን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1958 አክሰልሶንና ቴስሌፍ የተባሉ ስዊድናውያን የነርቭ ትእዛዝ ከቶ ሊያልፍበት እንዳይችል አድርገው ባዘጋጁት ጡንቻ ላይ ካፌይን ቢያፈስሱበት ጡንቻው እንደ ቀድሞው ተኰማተረ። እንግዲያስ ካፌይን በደጅ ቆሞ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ በጎተራው በር ላይ ይሠራል ማለት ነው። በ1968 አኔማሪ ቬበር የምትባለው ሊቅ ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና ጎተራዎቹን ከጡንቻ ለይታ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠችና ካፌይን ጨመረችባቸው፤ የያዙትን ካልሲየም ለቀቁት። ክር የለ፥ ነርቭ የለ፥ ጎተራው ብቻ ነበረ።

የበሩ ስም ዛሬ የራያኖዲን ተቀባይ ይባላል። ራያኖዲን በሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ከሚበቅል ቍጥቋጦ የሚገኝ፥ ገበሬዎች ለተባይ ማጥፊያ ያደርጉት የነበረ መርዝ ነው፤ ከበሩ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ በ1980ዎቹ ዓመታት በሩን ከሌላው ነገር ለይቶ ለማውጣት እንደ መያዣ አገለገለ። በሩ አራት ታላላቅ ቍራጮች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ ቍራጭ ከ5,000 በሚበልጡ የፕሮቲን ቅንጣቶች የተሰካካ ነው። ካፌይን በዚህ በር ላይ ሲቀመጥ በሩን በግድ አይሰብረውም፤ በቀላሉ የሚደነግጥ ያደርገዋል። ቀድሞ ብዙ ካልሲየም ካልገፋው የማይከፈተው በር በጥቂቱ መከፈት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ የእንቁራሪትና የመስታወት ዕቃ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር፥ በ1960 በአውስትራልያ፥ በሜልበርን ከተማ የታተመ አንድ ጕዳይ ባይኖር። የ21 ዓመት ተማሪ እግሩ ተሰብሮ ወደ ሆስፒታል መጣ። ሐኪሞቹ ባነጋገሩት ጊዜ ስለ እግሩ ብዙ አልተጨነቀም፤ የሚያስፈራው ማደንዘዣው ነበር። ከዘመዶቹ መካከል ዐሥር ሰዎች በኤተር ተደንዝዘው ሳሉ ሞተዋል። ይህን የመሰለ ነገር የተናገረ ሕሙም ፈሪ ተብሎ መታለፉ ቀላል ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን ሰሙት። ኤተሩን ትተው በዚያ ዘመን አዲስ የነበረውን ሃሎቴን የሚባለውን ማደንዘዣ ሰጡት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲሆን የደሙ ግፊት ወረደ፤ ልቡ በኀይል መሮጥ ጀመረ፤ አካሉ ጋለ፤ ላቡ ተንቆረቆረ። ማደንዘዣው ወዲያው ተቋረጠ፤ በረዶ በአካሉ ዙሪያ ተከመረበት፤ ልጁም ዳነ። ኋላ በኩላሊት ጠጠር ምክንያት እንደ ገና ለቀዶ ሕክምና በመጣ ጊዜ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጠው፤ አንዳች ነገር አልደረሰበትም።

ሚካኤል ደንበራና ባልደረባው ላቭል ነገሩን ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ አድርገው ላኩት። ደንበራ የቤተ ዘመዱን ሐረግ ተከትሎ ሲመረምር፥ አደጋው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ አገኘው፤ ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ቢኖረው እያንዳንዱ ልጅ እኩሌታ ዕድል ያገኘዋል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሐኪሞች፥ እነርሱም በየሆስፒታላቸው ምክንያቱ ሳይታወቅ በማደንዘዣ ላይ ሳለ ጡንቻው ደርቆ፥ ትኩሳቱ ከ43 ዲግሪ በላይ ወጥቶ የሞተ ሰው እንዳዩ መጻፍ ጀመሩ። በሽታው በፈረንጅ አጠራር ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል፤ ክፉ ትኩሳት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ሰባ ያህሉ ይሞቱ ነበር።

ምክንያቱ ያው የጎተራው በር ነው። በእነዚህ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ በሩ ከተፈጥሮው የላላ ነው። በዘወትር ኑሯቸው ጤነኞች ናቸው፤ ያርሳሉ፥ ይነግዳሉ፥ ይጫወታሉ፥ ቡናም ይጠጣሉ። የሃሎቴን ወይም የመሰሎቹ ትነት፥ ወይም ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው ጡንቻ አላላሚ መድኃኒት በደረሰባቸው ጊዜ ግን በሩ ተከፍቶ አልዘጋ ይላል። ካልሲየሙ ይፈስሳል፤ ዘንጎቹ ይያያዛሉ፤ ፓምፖቹ የፈሰሰውን ለመልቀም ይጣደፋሉ፤ ማገዶው ይነድዳል፤ ከሚነድደውም ትኩሳቱ ይወጣል። ተኝቶ የማይንቀሳቀሰው ሕሙም ጡንቻው ከሯጭ ጡንቻ የበለጠ ይሠራል። በሽታው ከዐሥር ሺህ እስከ ብዙ ዐሥር ሺዎች በሚቈጠር የማደንዘዣ ሥራ ውስጥ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው፤ የላላውን በር ይዞ የሚወለደው ሰው ግን ከዚያ እጅግ ይበዛል፤ ብዙው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሳይደነዝዝ ስለሚኖር አይታወቅበትም።

አሁን የካፌይን ጥቅም ተገለጠ። በ1970 በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ ካሎውና ብሪት የተባሉ ሊቃውንት ከዚህ ትኩሳት ከዳኑ ሰዎች ጥቂት ጡንቻ ወስደው በካፌይን ውሃ ውስጥ ሰቀሉት። ጡንቻው የጤነኛ ሰው ጡንቻ ገና ምንም ሳይሰማው በሚቀርበት ልክ ተኰማተረ። ከዚህ የተነሣ ፈተና ተሠራ። በ1984 የአውሮጳ ሐኪሞች በአንድ ደንብ በተስማሙት መሠረት፥ ከሕሙሙ ጭን ላይ ቀጭን የጡንቻ ቍራጭ ይቈረጣል፤ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ይሰቀላል፤ ካፌይኑ በየደረጃው ይጨመርበታል። በሊትር 0.39 ግራም በሚሆን ካፌይን ወይም ከዚያ ባነሰው ጡንቻው 0.2 ግራም ክብደት ያህል ከሳበ ምልክቱ ተገኘ። ለብቻው ደግሞ በሃሎቴን ይፈተናል። ቍራጩ ከተወሰደ በኋላ በአምስት ሰዓት ውስጥ ካልተፈተነ ስለሚበላሽ በፖስታ አይላክም፤ ፈተናውን የሚሻ ሰው ራሱ ጭኑን ይዞ ፈተናው ወደሚደረግባቸው ጥቂት ከተሞች መሄድ አለበት። በ1990 ጕድለቱ የተጻፈበት የዘር ክፍል ስለ ታወቀ ዛሬ ለብዙዎች በደም ብቻ ይመረመራል፤ ይሁን እንጂ ደም ሳይገልጠው ሲቀር ነገሩን የሚቈርጠው ዛሬም የካፌይን ፈተና ነው።

ይህ በሽታ የንግድ ታሪክም አለው። በአውሮጳና በአሜሪካ ሥጋቸው እንዲበዛና ስባቸው እንዲያንስ እየተመረጡ ከተራቡት የእሪያ ዘሮች መካከል አንዳንዶቹ ወደ ቄራ ሲጫኑ ደንግጠው፥ ጡንቻቸው ደርቆ፥ በመንገድ ይሞቱ ነበር፤ የታረዱትም ሥጋቸው ገርጥቶና ውሃ አዝሎ ስለሚገኝ ዋጋው ይወድቅ ነበር። አርቢውና ነጋዴው ብዙ ገንዘብ ከሠሩ በኋላ፥ በ1991 የካናዳ ጠበብት በእሪያዎቹ የጎተራ በር ላይ አንዲት የዘር ፊደል ተለውጣ አገኙ። ከዚያ ወዲህ አርቢዎች እንስሶቻቸውን በደም እየመረመሩ ጕድለቱን ከመንጋቸው እየለዩ ማስወገድ ቻሉ።

መድኃኒቱም የተገኘው በእነዚሁ እንስሳት ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕ ታውን፥ ሃሪሰን የተባለው ሐኪም በ1975 ዳንትሮሊን የሚባለውን መድኃኒት በሃሎቴን ለጋሉ እሪያዎች ቢሰጣቸው እንደዳኑ አስታወቀ። ዳንትሮሊን ካፌይን በሚሠራበት በዚያው በር ላይ ሥራውን በተቃራኒው ይሠራል፤ ካፌይን ያላላውን እርሱ ያጠብቃል። በ1979 በአሜሪካ አገር ለሰው በደም ሥር እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ይህ መድኃኒት በሚገኝበት ሆስፒታል በትኩሳቱ የሚሞተው ሰው ከመቶ ዐሥር በታች ወረደ።

እንግዲህ ማለዳ ቡናውን ጠጥቶ ክንዴ በረታ ወደሚለው ሰው ይመለሷል። ሒሳቡ ለነጋዴ የማይከብድ ነው። አንድ ሲኒ ቡና 100 ሚሊግራም ያህል ካፌይን ይይዛል እንበል። ይህ በአንድ ጐልማሳ አካል ውስጥ ባለው 40 ሊትር ያህል ውሃ ላይ ሲበተን በሊትር 2.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ሐኪሞቹ በፈተናው ላይ የላላውን ጡንቻ የሚለዩበት ልክ ግን በሊትር 390 ሚሊግራም ነው፤ ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። የአንድን ሰው አካል በዚህ ልክ ለመሙላት 150 ሲኒ የሚበልጥ ቡና በአንድ ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ሰውዬው ግን ከዚያ በፊት ልቡ ተዛብቶ ይሞታል፤ 10 ግራም ካፌይን ሰውን ለመግደል ይበቃልና። ስለዚህ የትነቱ ማደንዘዣና ሰክሲኒልኮሊን በሐኪሞች ዘንድ የትኩሳቱ አስነሺዎች ተብለው ሲቈጠሩ፥ የቡና ሲኒ ከእነርሱ ጋር አልተቈጠረም።

የቡና ጠጪው ብርታት የሚመጣው ከራሱ ውስጥ ነው። አእምሮ ሲሠራ በዋለ ቍጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተከማቸ የድካም ስሜት ያመጣል። ካፌይን በመልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል በስፍራው ቀድሞ ይቀመጥበታል፤ ድካሙም ባለመልእክቱ ደጅ ቆሞ ስለሚቀር አይሰማም። ክንዱ የበረታ የመሰለው ሰው አልዋሸም፤ የተሳሳተው በቦታው ብቻ ነው።

ለአስተዳዳሪዎች የሚቀረው የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ ነው። ዳንትሮሊን በ20 ሚሊግራም ጠርሙስ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ በ60 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው መጠን ብቻ ዘጠኝ ጠርሙስ ይሆናል፤ አሜሪካውያን መካሪዎች 36 ጠርሙስ በመጋዘን እንዲቀመጥ ይመክራሉ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይከፈት ይጣላል። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይህን በየጊዜው ከመዝገብ ሲሰርዝ የሚያዝን ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ብዙ ሀብት በሌላቸው አገሮች በሚገኙ ሆስፒታሎች ውስጥ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ለሐኪሙ የሚቀረው ገንዘብ የማያስፈልገው ነገር ነው፤ ይኸውም ሕሙሙ ከመደንዘዙ በፊት ከቤተ ዘመዱ መካከል በማደንዘዣ ላይ ሳለ የሞተ ወይም በትኩሳት የጋለ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ። አለ የሚል መልስ ከተገኘ፥ የትነቱ ማደንዘዣ ይቀራል፤ የማደንዘዣው መኪና ቧንቧዎች ይለወጣሉ፤ ሕሙሙም በወገብ ወይም በደም ሥር በሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ይደነዝዛል።